ኮምቦልቻ ዳር ሰባት ቀን፦ ለክፉ ቀን የሚሆን ግቢ ፍለጋ

ሐሙስ

ከአዲስ አበባ የወጣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ስልክ ስደውል ነበር። መንገዱ ሰላም ነው? መኪና ያልፋል? በዚያው መስመር ሄደው በሰላም የገቡ ሾፌሮችን ካናገርኩ በኋላ ነው ትኬት የቆረጥኩት።

የምሄድበትን ጉዳይ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቤተሰባችን አምስት ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና እናቴ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። መብራት ሲጠፋ ምጣዱም ምድጃውም ሥራ ያቆማል። ኮሮናን፣ አንበጣን፣ ጦርነትን፣ የኑሮ ውድነትን በጥቂት ዓመት ውስጥ ተራ በተራ አየን። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። የራሱ ውሃ ያለው፣ ጎመንና ዶሮ የማያጣ፣ የስድስት ወር እህል የሚይዝ ትንሽ ግቢ። ጫካ ልግባ አላልኩም። ልጆቹ ትምህርት ቤት በእግራቸው መድረስ አለባቸው። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ስለዚህ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር የሆነ ቦታ ነው የምፈልገው።

ኮምቦልቻን ያሰብኩት የእናቴ ታናሽ እህት እዚያ ስላለች ነው። ዘመድ የሌለበት አገር ሄዶ ግቢ መትከል አልወድም።

ግንቦት ላይ መሄዴም በአጋጣሚ አይደለም። በመስከረም የማያምር መሬት የለም። የበልጉ ዝናብ አልፎ ክረምቱ ሳይገባ ግን ጉድጓድ ይጎድላል፣ ከብት ይከሳል፣ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ሩቅ ይሄዳሉ። ማየት የፈለግኩት እሱን ነው።

ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ዋሻው ጋ ስንደርስ ሁላችንም ጋቢያችንን ሰብሰብ አደረግን። ሸዋ ሮቢት ስንገባ ደግሞ ጃኬቴን አወለቅኩ። አጣዬን አልፈን ከሚሴ አካባቢ ጨፋ ሜዳ ላይ ዓይኔ ቀረ። ዙሪያው ሁሉ ደርቆ እዚያ ሣር አለ፤ ከብቱ ለጉድ ነው። በበጋ ከአፋር ጭምር መንጋ ይዘው ወደዚህ ይመጣሉ። ያንን ሜዳ የሚያረጥበው የኮምቦልቻው ቦርከና ነው፤ ከዚህ አልፎ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ማስታወሻዬ ላይ የመጀመሪያውን መስመር ጻፍኩ፦ «በደረቅ ወር ከብቱ የት እንዳለ እይ።»

ወደ 375 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ገባን። ሙቀቱ ፊት ላይ ይመታል።

ዓርብ

«መሬቱን ኋላ ታየዋለህ። መጀመሪያ ቧንቧውን እይ» አለችኝ አክስቴ።

ቧንቧው በፈረቃ ነው። ሲመጣ በርሜሉም፣ ባልዲውም፣ ሮቶውም ይሞላል። ሲቀር ደግሞ በቁጥር ይጠጣል። እቃ የታጠበበት ውሃ አይደፋም፤ ጓሮ ያለችው ፓፓያ ሥር ይሄዳል። ያቺ ፓፓያ በዚህ ሐሩር አሥራ ሁለት ፍሬ ይዛለች። ቆጠርኳቸው።

ከምሳ በኋላ ቡና አፈላች። አቦሉን ስንጠጣ የጦርነቱን ጊዜ ጠየቅኳት። ስለ ፖለቲካው አልነበረም ጥያቄዬ። «እትዬ፣ መጀመሪያ ምን አለቀ?» ነው ያልኳት።

ኮምቦልቻ በህወሓት ኃይሎች እጅ የገባችው ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ነው። መንግሥት መልሶ የያዛት በኅዳር መጨረሻ። አምስት ሳምንት ገደማ መሆኑ ነው። አክስቴ ለደህንነቷ ፈርታ ከቤት ሳትወጣ ነው ያሳለፈችው።

«መጀመሪያ መብራቱ ሄደ» አለች። «መብራት ሲሄድ ውሃውም ሄደ፤ የሚገፋው ሞተር አይደል? ከዚያ ወፍጮው ቆመ። ልጄ፣ እህል ነበረኝ እኮ። ሁለት ኩንታል ማሽላ፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ። ግን በምን ይፈጭ? እህል እያለኝ እንጀራ አማረኝ።»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። እኔ ሁልጊዜ የማሰላው ስንት ኩንታል እንደሚያስፈልግ ነው። በሦስተኛው ቤት አንዲት አሮጊት የድንጋይ ወፍጮ ከነመጁ ነበራቸው። ሰፈሩ ሁሉ በተራ እዚያ ፈጨ። ሌላው ቀን ንፍሮና ቆሎ ነው። ጨው፣ ክብሪትና ሳሙና በሁለተኛው ሳምንት አለቀ። ባንክ ዝግ ስለሆነ ገንዘብ ያለውም እንደሌለው ነው። ለልጆቹ ደግሞ የደረሰላቸው ካርቶን ውስጥ የተረሳ ድርቆሽ ነበር፤ በውሃና በበርበሬ አርሳ ሰጠቻቸው። እሳት እንኳ አልፈለገም።

«አብሽር፣ አለፈ» አለችኝ ፊቴን አይታ። ሁለተኛውን ቀዳች።

ማታ ቁጭ ብዬ የግቢውን ሐሳብ እንደገና ጻፍኩት። በእኛ አገር አንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ቢበላ፣ ለአምስት ሰው ስድስት ወር 450 ኪሎ ነው። አራት ኩንታል ተኩል። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ከጎኑ የድንጋይ ወፍጮ፣ ጨው፣ የሦስት ወር መድኃኒት፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። ነቀዝ እንዳይበላው ደግሞ አየር የማያስገባው ድርብርብ ከረጢት፤ አክስቴ አሁን እሱን ነው የምትጠቀመው። አፉን ጥብቅ አድርጎ ማሰር ብቻ ነው። ያለ መድኃኒት ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል።

ቅዳሜ

ዛሬ ደላላው በባቲ መንገድ ወደ ደጋን አቅጣጫ ይዞኝ ሄደ። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ በወረድን ቁጥር አገሩ ይለወጣል። ግራር፣ ቁልቋል፣ ቁርቁራ፤ መሬቱ ግራጫ ይሆናል። ዋጋው ይጥማል። 1000 ካሬ፣ ኮምቦልቻ ዳር 300 ካሬ በሚገኝበት ብር።

ቦታው ሜዳ ነው፣ ለዓይን ያምራል። ሄጄ ተንበረከክሁ። ዋልካ ነው። ስንጥቁ እጄን እስከ አንጓዬ ዋጠው። ዋልካ ለማሽላና ለሽንብራ ጥሩ ነው፣ ውሃ ይይዛል። ቤት ለሚሠራ ግን ፈተና ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል። ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሬ ውሃ ሞላሁበት። እስኪጠግብ ጠብቄ እንደገና ሞላሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የወረደው የአንድ ጣት ስፋት አይሞላም። እዚህ መጸዳጃ ቢቆፈር በሐምሌ አፉ ድረስ ይሞላል ማለት ነው።

«ውሃ ችግር የለም ጋሼ፣ ወንዙ እዚሁ ነው» አለኝ ደላላው።

ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነው። ዳሩ ላይ ያለችውን ግራር አየኋት። ቅርንጫፏ ላይ ገለባ፣ ፌስታልና የተቀደደ ከረጢት ተጠምጥሟል። ከመሬቱ ከፍታውን በራሴ ላይ ለካሁት፤ ከጉልበቴ በላይ ነው። ያ ቆሻሻ እዚያ የደረሰው በጎርፍ ነው። ከሚሸጥልኝ ቦታ እስከዚያች ግራር 40 እርምጃ ብቻ ነው።

ፍየል የሚጠብቁ ሽማግሌ ሲያልፉ ሰላም አልኳቸው። «አባቴ፣ ይህ ወንዝ ይሞላል?» አልኳቸው።

«ይመጣል እንጂ! ሌሊት ነው የሚመጣው ልጄ። እዚህ ጠብ ሳይል፣ ላይ ደጋው ላይ ዘንቦ። ድምፁን ሰምተህ ካልሮጥክ አለቀ።»

ደራሽ ውሃ የሚሉት ይኸው ነው። ቀጥዬ የመጠጥ ውሃ ከየት እንደሚቀዱ ጠየቅኳቸው። በእጃቸው አሳዩኝ። ደላላው ጥላ ሥር እንዲጠብቀኝ ነግሬ በእግሬ ሄድኩ። ሃያ ስድስት ደቂቃ። ቦኖው ጋ ሰልፉ አርባ ጀሪካን ይሆናል፤ አህዮች ቆመዋል። አንዲት ልጅ ከጠዋት ጀምራ ተራ ይዛለች። ዕድሜዋ የእኔ ትልቋ ልጅ ያህል ነው። ስመለስ ስለ ዋጋው ማሰብ አቆምኩ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። አጥሩን ተከትሎ ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ያለው አረም ሞልቷል። ፓርቲኒየም ነው። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። የሚነቅለውን ሰው ቆዳ ያሳክካል። ምንም አይተክሉበትም ማለት አይደለም፤ ግን እያንዳንዱ ክረምት ከእሱ ጋር ትግል ነው።

ወረቀቱን ስጠይቅ የገበሬ ይዞታ መሆኑ ታወቀ። «ውል እንጽፋለን፣ ምስክር አለ» አለኝ። መሬት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው የመጠቀም መብት ነው ያለው። ነገ ከተማው ሰፍቶ ቦታው ቢፈለግ ካሳው ደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው። ውል ይዞ የቆመው ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል። ደላላውን አመስግኜ የመኪናውን ከፈልኩ።

እሑድ

ደሴ ወጣሁ። 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው፤ ሐረጎን ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያሉ መውጣት ነው። ላይ ስትደርሱ ግን ሌላ ዓለም ነው። የጦሳ ተራራ ደመና ለብሶ ነበር። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ዝናብ አላት። ወባ እንደ ታቹ አያሳስብም። ገብስ፣ ባቄላ፣ ድንች ይሆናል።

ታዲያ ለምን ደሴ አልሆነም? ያየኋቸው ሁለት ግቢዎች ተዳፋት ላይ ናቸው። አንዱ የድጋፍ ግንቡ ሆዱን ገፍቷል። ክረምት መሬቱ እንደሚንሸራተት ጎረቤቱ ነገረኝ። እናቴም ብርዱን አትችለውም። በዚህ ጨረስኩ። ፒያሳ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ሰኞ

ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። መሬት ለመፈለግ አልሄድኩም። ደረቅ አገር የሚኖሩ ሰዎች እንዴት እንደሚሰናዱ ለማየት ነው።

ባቲ ደጋና ቆላ የሚገናኝበት በር ነው። አፋሩ ግመልና ፍየል፣ ኦሮሞውና አማራው እህል ይዘው ይወርዳሉ። ቦታውን ሳየው ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። በ1977ቱ ረሃብ ትልቅ የተረጂዎች መጠለያ የነበረው እዚህ ነው። እናቴ ያኔ ልጅ ነበረች። ስለዚያ ዓመት ስንጠይቃት ዝም ትላለች።

ከአንድ ፍየል ነጋዴ ጋር ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ድርቅ ሲመጣ እንዴት እንደሚያውቁት ጠየቅኩት። ሰማዩን አላሳየኝም፤ ገበያውን ነው ያሳየኝ።

«ፍየል ሲረክስ፣ ማሽላ ሲወደድ ያኔ ነው ወንድሜ። ሁሉም ፍየሉን ይዞ ይወጣል። የሚገዛ የለም። ብልጥ የሆነ በጥር ሸጦ እህል አስገብቷል።»

ይህን ደጋግሜ አሰብኩበት። ከብት ሀብት ነው፤ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ሲሸጠው ሀብትነቱ ይቀንሳል። እህል ግን ዝናቡ ከቀረ ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ በልጉ እንደማያስተማምን ሲታወቅ ሳይዘገዩ ጎታውን መሙላት ነው። በግቢዬም ቢሆን ሁለት ፍየል ላስብ ነበር። አሁን ተውኩት። በትንሽ ግቢ መኖ በገንዘብ ነው፣ በክፉ ቀን መኖ አይገኝም። አሥር ዶሮ ይበቃል።

ስመለስ አንድ ኪሎ ማሾ ገዛሁ። ማሾ ቶሎ ይደርሳል፣ ብዙ ውሃም አይፈልግም። ለአጭር ዝናብ የተፈጠረ ነው።

ማክሰኞ

ዛሬ አክስቴ ራሷ ያፈላለገችውን ቤት አየሁ። ኮምቦልቻ ዳር ነው፣ ከዋናው አስፋልት ሩብ ሰዓት በእግር። 300 ካሬ፤ በውስጡ የጭቃ ቤት አለ። ቆርቆሮው ደህና ነው። ካርታ አለው። ቤቱ ትንሽ ከፍታ ላይ ነው፤ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ በየት እንደሚያልፍ ቦዩን ተከትዬ አየሁት። ከግቢው በታች ነው የሚዞረው።

አፈሩ ቀይ ነው፣ ጠጠር ቀላቅሏል። ቅዳሜ እንዳደረግኩት ቆፍሬ ውሃ ሞላሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ስንዝር በላይ ወረደ። አንድ እፍኝ አፈር ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ውሃ ጨምሬ በጠበጥኩት። ማታ ሳየው ሥሩ አሸዋ፣ ከላዩ ደለል፣ ከዚያ ስስ ሸክላ ሠርቷል። ፍግ ካገኘ ጎመን ያበቅላል።

የጎረቤት ግቢ የእጅ ጉድጓድ አለ። ባለቤቷ ፈቃደኛ ሆና ከፈተችልኝ። ድንጋይ በገመድ አስሬ ላክሁ። እስከ ውሃው 14 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት ደግሞ ሁለት ሜትር አይሞላም። «እህቴ፣ ደርቆ ያውቃል?» አልኳት። «አንድ ዓመት። በልጉ የቀረ ጊዜ» አለች ሳትደብቅ።

ያልወደድኩት ነገርም አለ። በአካባቢው ያሉት መጸዳጃዎች ከጉድጓዱ 12 እና 15 እርምጃ ላይ ናቸው። የመጠጥ ጉድጓድ ከመጸዳጃ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፣ በዚያ ላይ ከፍ ባለው በኩል መሆን አለበት። በ300 ካሬ ሰፈር ይህ አይሆንም። ስለዚህ እዚህ ጉድጓድ ብቆፍርም ውሃው ለጓሮና ለልብስ ነው። ቦርከናም አያዋጣም፤ በፋብሪካ ከተማ መሐል ያለፈ ወንዝ ለመጠጥ አልተማመንበትም። የመጠጡ ከሰማይ መምጣት አለበት።

ሒሳቡን እዚያው ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ነው። ቆርቆሮው 8 በ9 ነው፣ 72 ካሬ። ኮምቦልቻ በደህና ዓመት ወደ 1000 ሚሊ ሜትር ታገኛለች። እኔ ግን ለክፉ ዓመት 600 አልኩ። ከዚያ ላይ የሚፈሰውንና የሚተነውን አንድ አምስተኛ ቀነስኩ። 34560 ሊትር ይገባል።

ስንት ያስፈልገናል? በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው ዝቅተኛው። ለአምስት ሰው 75። ክረምቱ መስከረም ላይ ይወጣል። በልጉ በየካቲት ከመጣ አምስት ወር መቻል ነው፤ 11250 ሊትር። በልጉ ከቀረ ግን እስከ ሰኔ መጨረሻ ዘጠኝ ወር ነው። 20250 ሊትር። ግቢው የሚለካው በዚህች ቁጥር ነው። ሁለት ባለ 10000 ሊትር ሮቶ፣ አንድ በርሜል፣ ቆርቆሮውን ዙሪያ የሚይዝ ጥሩ አሸንዳ። የመጀመሪያውን ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስላለበት መድፋት። አፉን በወንፊት መሸፈን፤ ካልተሸፈነ የወባ ትንኝ ይራባበታል። ኮምቦልቻ ደሴ አይደለችም፣ እዚህ አጎበር የግድ ነው።

ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ሮቶው ይሄዳል። ሶላሩ ቀጥሎ ነው፤ ለአምፖል፣ ለሬዲዮና ለስልክ ትንሽ ሰሌዳ ይበቃል፣ ፀሐይ እንደሆነ እዚህ አይጠፋም። ጓሮው ለአምስት በአሥር ሜትር መደብ ቦታ አለው። ጎመን፣ ማሾ፣ ዳር ላይ ሽፈራው (ሞሪንጋ)፣ የእቃ ማጠቢያው ውሃ በሚወጣበት ፓፓያ። ስንዴና ጤፍ አላልምም። በ300 ካሬ እህል አይመረትም፣ እህል ይቀመጣል።

ስወጣ አንድ ነገር አየሁ። በሩ ላይ ቆሜ ሳለ ሦስት ጎረቤቶች መጥተው ሰላም አሉኝ። አንዷ ሳልጠጣ እንዳልሄድ ቡናዋን ወደ ደጅ አወጣች። ቅዳሜ ያየሁት ባለ 1000 ካሬው ዙሪያ የሰው ቤት አይታይም ነበር። የድንጋይ ወፍጮ ያላቸው አሮጊት ሦስት ቤት ርቀው ባይሆኑ ኖሮ አክስቴ ምን ታደርግ ነበር?

ረቡዕ

ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ካርታው የሊዝ ነው፤ ለመኖሪያ ቤት ዘመኑ 99 ዓመት ነው፣ የቀረው በቂ ነው። የሊዝ ክፍያው ውዝፍ እንዳለበት፣ ባንክ በመያዣ እንደያዘው፣ በማስተር ፕላኑ መንገድ እንደሚነካው ጠየቅኩ። ሁለቱ ንጹሕ ናቸው። የመንገዱን መልስ ለሰኞ ቀጠሩኝ፤ አክስቴ ሄዳ ትሰማልኛለች።

ለሻጩ እውነቱን ነገርኩት። ቤቱን ወድጄዋለሁ። ነገር ግን አንድ ከባድ ዝናብ ሲወርድበት ሳላይ አልፈርምም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ተመልሼ ጎርፉ በየት እንደሚሄድና ቆርቆሮው የት እንደሚያፈስ አያለሁ። ቅር አለው። ከዚያ በፊት ሌላ ገዢ ከመጣ እንደማይጠብቀኝ ነገረኝ። መብቱ ነው።

ከመሄዴ በፊት ባለ ጉድጓዷ ጎረቤት ቤት ገባሁ። ገመዷ ላይ ከላይ እስከ ታች በየሜትሩ ቋጠሮ አሰርን። ውሃው የት ቋጠሮ ላይ እንደደረሰ በየሳምንቱ ዓርብ ልትደውልልኝ ተስማማን። ዛሬ 14ኛው ላይ ነው።

አክስቴ በሶና ድርቆሽ በፌስታል አስራ ሰጠችኝ። «ለአራተኛው ፎቅ» አለች።

ከሚሴን ሳናልፍ ስልኬ ጮኸ። ባለ ጉድጓዷ ናት። ዓርብ አልደረሰም፤ ረቡዕ ነው።

«ወንድሜ፣ ቋጠሮውን ለልጄ አሳየኋት» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ እሷ ናት የምትጽፈው። ደብተር ገዛንላት።»